የእቴጌ ተዋበች መንፈስ፦ ሐዘን ለታሪክ ምክንያት ሲሆን



ንግግሬን ከአንድ ፊልም ብጀምር ትታገሡኛላችሁ ብዬ አምናለሁ። በ1982 ዓ.ም. በአሜሪካ ለእይታ የበቃውን «ጎስት» በእኔ ዕድሜ ያላችሁ በቪዲዮ ካሴት አይታችሁት ይሆናል። አንድ ወጣት ይገደላል፤ ነፍሱ ግን ከሚወዳት ሴት አጠገብ መራቅ ያቅታታል። በደሉ ከተገለጠና ሁለቱ ከተሰነባበቱ በኋላ ሟች ወደ ብርሃኑ ይሄዳል፤ እርሷም ከነሐዘኗ መኖርን ትቀጥላለች። የእኛ አገር ሰው ይህንኑ ስንብት ቀን ቈጥሮ ይፈጽመዋል። ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ ሟችን ወደ ፈጣሪው ይሸኛል፤ ሐዘንተኛውንም ወደ ሰው መካከል ይመልሳል። ዛሬ የምናገረው ግን የታሪክ ጸሐፊዎች ከ160 ዓመታት በኋላም ሊሰናበቷቸው ስላልቻሉ አንዲት ሴት ነው።

እቴጌ ተዋበች ከዚህ ከደብረ ታቦር ሆነው አገሩን ይመሩ የነበሩት የየጁው የትንሹ ራስ ዓሊ ልጅ፣ የእቴጌ መነን የልጅ ልጅ ናቸው። ለቋራው ካሣ የተዳሩት አስቸጋሪውን ሽፍታ በጋብቻ ለመያዝ ተብሎ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ተዋበች ከባላቸው ጎን ቆሙ። ካሣ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማታቸውን ራስ ዓሊን ሲያሸንፉ፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ እቴጌይቱ አብረዋቸው ነበሩ። በ1850 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በየዓመቱ የፈተና ወረቀት ላይ አነበዋለሁና። «እቴጌ ተዋበች በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ንጉሡ ጨካኝ ባልሆኑ ነበር።» ይህ አባባል ከተማሪ የመነጨ አይደለም። በመቅደላ ከታሰሩት እንግሊዛውያን አንዱ የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ በመጽሐፉ የንጉሡን ሕይወት በሦስት ዘመን ሲከፍል የወሰን ድንጋይ ያደረጋቸው ሁለት ሞቶችን ነው፦ የተዋበችንና የእንግሊዛዊውን ወዳጃቸውን የጆን ቤልን። ብላንክ ንጉሡ ፊት የቀረበው ግን በ1858 ዓ.ም. ነው። እቴጌይቱ ካረፉ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። የጻፈው የሰማውን ነው፤ የሰማውም ደግሞ ንጉሡን በሚፈሩና በሚያደንቁ ሰዎች አፍ ነው።

ሐዘኑ እውነት አልነበረም አልልም። የንጉሡ ፍቅር በወዳጅም በጠላትም የተመሰከረ ነው። በ1852 ዓ.ም. ቆንስል ፕላውደን፣ ጥቂት ቆይቶም ቤል ተገደሉባቸው፤ በተገዳዮቹ ደም የተወሰደው በቀል የከፋ ነበር። ከደጃዝማች ውቤ ልጅ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር የፈጸሙት ሁለተኛው ጋብቻም ልዑል ዓለማየሁን ቢያስገኝ ፍቅርን አላስገኘም። አንድ ሰው በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ይህን ሁሉ ቀብሮ እንደነበረ ይቀጥላል ብሎ የሚያስብ ካለ ቀባሪ ሆኖ አያውቅም።

ችግሩ ያለው ሐዘንን ምክንያት ስናደርገው ነው። የቅጣቱ ጽናት ከንግሥናው ማግሥት በወሎ ዘመቻ ታይቷል፤ ያን ጊዜ ተዋበች በሕይወት ነበሩ። ንጉሡ ወታደሩ ባላገሩን እየዘረፈ ከሚያድር ደመወዝ እንዲያገኝ ፈለጉ፤ ደመወዝ ገቢ ይጠይቃል፤ ገቢውን ከቤተ ክርስቲያን መሬት ለመውሰድ ሲሞክሩ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። ካህኑ የራቀውን ንጉሥ ባላገሩም ራቀው። ግብር የሚከፍለው አውራጃ እየጠበበ ሲሄድ ሠራዊቱ ወደ ዝርፊያ ተመለሰ፤ ዝርፊያውም አዲስ ዐመፅ ወለደ። ይህ ሰንሰለት ተዋበች ቢኖሩም ባይኖሩም ይጎተት ነበር ባይ ነኝ። እቴጌይቱን የንጉሡ በጎነት ማከማቻ ስናደርጋቸው ደግሞ እርሳቸውንም እንበድላለን። ከአባትና ከአያት ይልቅ ባልን መምረጥ በየጁ ቤት ፖለቲካዊ ውሳኔ ነበር፤ እኛ ግን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርገነዋል።

ሌላም የምንሸፍነው ነገር አለ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች። በጌምድር በሠራዊቱ ተበዘበዘ። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ንጉሡ ይህችን ከተማ ራሷን አቃጥለው፣ እዚያ ማዶ ጋፋት ላይ የተሠራውን «ሴባስቶፖል»ን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ወጡ። መድፉ ስንት እንደሚመዝን፣ መንገዱ እንዴት እንደ ተቀደደ በዝርዝር ተጽፏል። የንጉሡ እንባም ተጽፏል። ጎተራው ተገልብጦበት፣ ቤቱ ነዶበት የቀረው የፋርጣ ባላገር ሟቹን በየትኛው እህል እንደዘከረ፣ ተዝካር ማውጣት ያልቻለችው ባልቴት ሐዘኗን እንዴት እንደ ዘጋች ግን በምናስተምርባቸው መጻሕፍት ስፍራ አላገኘም።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። ፋርጣ፣ እስቴ፣ ደራ፣ ሊቦ ዘመድ ያላችሁ በዓመት በዓል ስትሄዱ አረጋውያኑን ስለ መድፉ አትጠይቋቸው፤ እርሱን እነርሱም ከመጽሐፍ ሰምተውታል። አልቃሽ ከነበሩ እናቶች ጀምሩ። በዚያ ዘመን ስለ ተቃጠለው ቀዬ ምን ይባል እንደነበር፣ የትኛው ቤተሰብ ከየት ተሰዶ እንደ መጣ ጠይቃችሁ ከነቦታው ስም መዝግቡ። የሰበሰባችሁትን ይዛችሁ ወደ ቢሮዬ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።