የአርበኛ ሜዳይና ዋጋው

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሚያዝያ 27 ቀን በአራት ኪሎ የድል ሐውልት ዙሪያ የሚሰበሰቡትን አርበኞች አይተህ እንደ ሆነ፥ ዓይንህ አስቀድሞ ያረፈው በደረታቸው ላይ በተደረደረው ሜዳይ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ከእነዚያ አባቶችና እናቶች በሕይወት ያሉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ሜዳዩ ለልጅና ለልጅ ልጅ ተላልፎ፥ አንዳንዱ በሣጥን ተቀምጧል፥ አንዳንዱም ገበያ ወጥቷል። እንግዲህ ምን ያወጣል?

አንጥረኛ በሚዛን ይመልስልሃል፤ የእርሱ መልስ አጭር ነው። ሰብሳቢ ግን ብዙ ይጠይቃል። ጥብጣቡ የራሱ ነው ወይስ ኋላ የተተካ? ከሌሎቹ ሜዳዮች ጋራ አብሮ ቆይቷል ወይስ ተነጥሏል? የአርበኝነት ሜዳይ ከሆነም ዘንባባውን ይቈጥራል፤ ዘንባባው ያገለገሉበትን ዓመት ስለሚያሳይ፥ ባለ አምስት ዘንባባ ማለት አምስቱን የጠላት ዘመን ሳይበገር የጨረሰ ሰው ማለት ነው። ነገር ግን ዘንባባ ነቅሎ በሌላው ላይ መትከል ከባድ ሥራ አይደለምና፥ ብልህ ሰብሳቢ ወረቀቱን ሳያይ አያምንም። (በአመድና በሎሚ ፈትጎ ማብረቅም ደግ ሥራ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ቅርጹን ይበላዋል።)

የእንግሊዝ መንግሥት በምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ ለተዋጉት የሰጠውን የአፍሪካ ኮከብ ተመልከት። ለእንግሊዞቹ ወታደሮች ስም ሳይቀረጽበት ሲሰጥ፥ ለደቡብ አፍሪካና ለሕንድ ወታደሮች ግን ስማቸው ተቀርጾበታል። አንዱ ኮከብ ከመቶ ዓመት በኋላም የጌታውን ስም ይናገራል፤ ሌላው ዲዳ ነው። ስም ያልተቀረጸበት የእኛም ሜዳይ ከወረቀቱና ከቤተ ሰቡ ሲለይ እንዲሁ ዲዳ ይሆናል።

አሁን ወደ ወለጋ እንሂድ፤ ሜዳይ ሁሉን እንደማይናገር የሚታየው በዚያ ነውና። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ፥ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ነቀምቴ ተሰብስበው፥ በእንስሳት ሐኪሙ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ብዙዎቹ የአንተ እኩያዎች ነበሩ። የጻፉት ደንብ ገበሬን መበደልንና ምርኮኛን ማሠቃየትን ይከለክል ነበር፤ አገር በጠፋበት ሰዓት እንዲህ ያለ ደንብ መጻፍ በእኔ ግምት ጠመንጃ ከመተኰስ አያንስም።

ለሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. አጥቢያ፥ የአገሩን ባላባቶች ለማግባባት በሦስት አውሮፕላን መጥተው በነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ሜዳ ያረፉትን ጣሊያኖች እነዚህ ወጣቶች በሌሊት ከበው መቱአቸው፤ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። ከጣሊያኖቹ አንድ ቄስ ሲተርፍ፥ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማልዮኮና በ1910 ዓ.ም. ቪየና ላይ የበረረው ስመ ጥሩ አብራሪ ሎካቴሊ ከሞቱት መካከል ነበሩ። አገራቸው ለሁለቱም ከሞቱ በኋላ የወርቅ ሜዳይ ሰጠች፤ ለሎካቴሊ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

የእኛዎቹስ? ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ሲሰጡ ከእርሳቸው ጋራ የተያዙ ነበሩ። ከየካቲት 12 በኋላም፥ ክፍሌ ናሲቡና የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ሳይቀሩ፥ ከማኅበሩ አባሎች ብዙዎቹ ተገደሉ። በድሉ ቀን የሚያጠልቁት ደረት አልነበራቸውም። ከወለጋ ተወላጆች ይልማ ዴሬሳ ተርፈው ኋላ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ በሰብሳቢ ሚዛን ብንሄድ፥ በዚያች ሌሊት የወራሪው አብራሪ ባለ ብዙ ዋጋ፥ አገሩን የጠበቀው ተማሪ ባለ ባዶ ሣጥን ሊሆን ነው።

ደምቢ ዶሎም (በያኔው አጠራር ሳዮ) የራሷ ታሪክ አላት። በሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ጄኔራል ጋዜራ እጁን የሰጠው በዚያ ነው፤ የተቀበሉትም በቤልጅጎች መኰንኖች የሚመሩ የኮንጎ ወታደሮች ነበሩ። የእነዚህን ጥቁር ወታደሮች ስም ከእኛ ስንቱ ያውቃል?

መሰብሰብ ነውር አይደለም፤ ብዙ ነገር ከአንጥረኛ እሳት የዳነው በሰብሳቢ ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በ1992 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 209 ግን ሊታወቅ ይገባል። በጊምቢ ወይም በሻምቡ ያለች አክስትህ ሣጥኗን ብትከፍትልህ፥ ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት እርሳስና ወረቀት ያዝ፤ ማን እንደ ነበሩ፥ ከማን ጋራ እንደ ዘመቱ፥ የት እንደ ቈሰሉ፥ ፎቶግራፉ ላይ በቀኝ የቆመው ማን እንደ ሆነ ጠይቀህ ጻፍ። ጽሑፉንም ከሜዳዩ ጋራ በአንድ ጨርቅ ጠቅልለው። ሜዳይ የሌለበት ሣጥን ቢሆንም ጠይቅ።