የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትና መምህራኑ

መጻሕፍትን ሰብስቦ መጠበቅ በኢትዮጵያ የቈየ ሥራ ነው። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ዕቃ ቤት የብራና መጻሕፍት በማኅደር ተከትተው ከግድግዳ ላይ ተሰቅለው ወይም በሣጥን ተቈልፈው ሲጠበቁ ኖረዋል፤ ቍልፉም የሚገኘው ለዚሁ በተሾመው ሰው እጅ ነው። በብዙዎቹ መጻሕፍት መጨረሻ፥ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ጽሕፈቱን የፋቀ ውጉዝ እንዲሆን የሚያስጠነቅቅ ቃል ይነበባል። አንባቢው ወደ መጽሐፉ ይሄድ ነበር እንጂ መጽሐፉ ወደ አንባቢው አይሄድም ነበር። እሳትና ዘረፋ ለተደጋገመበት አገር ይህ ጥንቃቄ የሚነቀፍ አይደለም።

ሆኖም ውግዘት ጦርን አያግድም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቡት ወደ 1,000 የሚጠጋ የብራና መጽሐፍ፥ አምባው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ በወደቀ ጊዜ ለዝርፊያ ተጋለጠ፤ ከዚያውም 350 ያህሉ ለንደን ከተማ ከሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መዘክር ገባ። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ በጕዞአቸው የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ደግሞ ዛሬ በፓሪስ ይገኛሉ። ስለዚህ በአዲስ አበባ ተቀምጦ የአገሩን ታሪክ ከምንጩ ለማስተማር የሚሻ መምህር አብዛኛውን ጊዜ ባሕር መሻገር ግድ ይሆንበት ነበር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት አስተዳዳሪነት አራት ኪሎ ላይ ሥራውን ሲጀምር የነበረው ሁኔታ ይኸው ነው። ለሕዝብ የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው ነበረ፤ ነገር ግን አንድ ኮሌጅ ለመምህራኑ የራሱ የመጻሕፍት ቤት ያስፈልገዋል። የዚህ ዓይነቱ ቤት ተግባር በየትም አገር የታወቀ ነው። መምህሩ ለትምህርቱ የሚያሻውን መጽሐፍ በዝርዝር ያቀርባል፤ ቤቱ ያስመጣለታል፤ ከተማሪ ለረዘመ ጊዜ ያውሰዋል፤ ብዙ ተማሪዎች በአንድ ሳምንት የሚፈልጉትን መጽሐፍ መምህሩ ሲያመለክት ለይቶ በጠረጴዛ ላይ ያኖርለታል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ስለነበረ የሚታዘዙትም መጻሕፍት ከውጭ የሚመጡ ነበሩ። በዚህ በኩል አገልግሎቱ በገንዘብና በጊዜ የሚፈጸም ነው። ነገር ግን ስለ ኢትዮጵያ የሚያስተምረው መምህር የሚያዝዘው መጽሐፍ ከየት ይመጣል? በለንደን መጽሐፍ ሻጭ ዝርዝር ውስጥ የማይገኝ ነገር በትእዛዝ አይመጣም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የጀመሩት የኮሌጁ የመጻሕፍት ቤት ኀላፊ፥ የፖላንድ ተወላጁ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው። እርሳቸው ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ሁሉ፥ በአገር ውስጥ የታተመውን ጋዜጣና መጽሔት ሳይቀር፥ ለብቻ አድርገው መሰብሰብ ያዙ። በአንድ በኩል ሥዕሎችንና የባህል ዕቃዎችን በዚያው ቤት ያከማቹ ነበር፤ የኋላው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መዘክር የተወለደው ከመጻሕፍት ቤቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ የተነበበ ጋዜጣ ነገ የሱቅ መጠቅለያ በሚሆንበት ከተማ እያንዳንዱን ቍጥር አስቀርቶ መደርደር ብዙ ሰው የማያመሰግነው ሥራ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ አንድ የታሪክ መምህር ሲፈልገው ግን ያን ጋዜጣ የሚተካ ሌላ ነገር አያገኝም።

ከመሰብሰቡ ይልቅ የከበደው መጻሕፍቱን በካርድ መመዝገቡ ሳይሆን አይቀርም። የአውሮፓ የመጻሕፍት ቤት ሕግ ደራሲን በቤተ ሰብ ስሙ ያስመዘግባል፤ ኢትዮጵያዊ ግን የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ የሚጠራው በራሱ ስም ነው፥ ተከትሎት የሚመጣውም የአባቱ ስም ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን መጽሐፍ በ«ሥላሴ» ሥር የመዘገበ ባለካርድ መጽሐፉን እንደ ሰወረው ይቈጠራል፤ «ወልደ ሥላሴ» ሁለት ቃል ቢመስልም አንድ ስም ነውና። በኅሩይ ስም ይመዝገብ ቢባልም ሌላ ችግር ይነሣል። ድምፃቸው አንድ የሆነው ሀ፥ ሐ እና ኀ በፊደል ተራ የተራራቁ ስለሆኑ፥ ስሙን አንዱ በ«ኅ» ሌላው በ«ሕ» ቢጽፈው የአንድ ሰው መጻሕፍት በሦስት መሳቢያ ይበተናሉ። ሠ እና ሰ፥ አ እና ዐ፥ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። የዘመን አቈጣጠሩም አለ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ የመጻሕፍትን ዝርዝር በ1904 ዓ.ም. አሳትመው ነበር። ይህንን ቍጥር እንደ አውሮፓ ዘመን የወሰደ ሰው በልጅ ኢያሱ ጊዜ የወጣውን መጽሐፍ ዐፄ ምኒልክ በሙሉ ጤንነት ሲገዙ ወደነበሩበት ጊዜ ይመልሰዋል። መምህሩ ይህን ስሕተት ተቀብሎ ለተማሪዎቹ ቢያስተላልፍ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። ጥሩ ካርድ ጸሐፊ የማይታይ የመምህር ረዳት ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በጠቅላይ ግዛት ያሉት ኮሌጆች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲጠቃለሉ ንጉሠ ነገሥቱ የስድስት ኪሎውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሥራውን ጀመረ፤ የመጀመሪያው ዲሬክተር ዶክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነበሩ፤ ሆይናትስኪም ስብስባቸውን ይዘው ወደዚያ ተዛወሩ። በዚያው ዓመት የተቋሙ መጽሔት መታተም ጀመረ። ቀድሞ በወመዘክር ያገለገሉት ወይዘሮ ሪታ ፓንክኸርስት ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን መጻሕፍት ቤቶች ይመሩ ነበር፤ ኬኔዲ የተባለው ሕንጻ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስድስት ኪሎ የተከፈተው በእርሳቸው ዘመን ነው። ወይዘሮ ሪታ የመቅደላን መጻሕፍት ዕጣ መርምረው የጻፉት ጥናትም በ1965 ዓ.ም. ግድም ወጥቷል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ቤቱ ለመምህራን የሰጠው ነው። መምህራኑ ለቤቱ የመለሱት ግን ከዚህ አያንስም። በዚያ ዘመን በታሪክ ክፍል ለመመረቅ የሚቀርቡ ተማሪዎች የጥናት ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ይደረግ ነበር። ብዙዎቹ ወደ ተወለዱበት አውራጃ ሄደው ሽማግሌዎችን ጠይቀው፥ በየቤቱ የተቀመጠ ደብዳቤና የርስት ወረቀት አገላብጠው ጻፉ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት፥ አብዛኞቹን በመምህርነት፥ ወደ ጠቅላይ ግዛት ስለላካቸው አገሩን በዓይናቸው ለማየት ዕድል ሰጣቸው። በጽሕፈት መኪና የተጻፉት እነዚህ ጥናቶች በተቋሙ መጻሕፍት ቤት ተቀመጡ። መምህሩ ያረመውን የተማሪ ጽሑፍ ሌላ መምህር በዋቢነት ይጠቅሰዋል፤ የተጠየቁት ሽማግሌዎች ካለፉ በኋላ ደግሞ ቃላቸው ከዚያ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኝም። በሺህ ብር የሚገዛ የውጭ መጽሐፍ ሊተካ ይችላል፤ በክር የተሰፋ ሠላሳ ገጽ የተማሪ ጽሑፍ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ ጠፋ ነው። ከመደርደሪያው አንሥቶ ያልመለሰ አንባቢ፥ መምህርም ቢሆን፥ የድሮው ውግዘት ይመለከተዋል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ከ8,000 በላይ መጻሕፍት ባለቤቶቻቸው ሳይለቋቸው በፊልም ተነሡ፤ ቅጂዎቹም በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኔሶታ በሚገኝ ገዳም ተቀመጡ። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪዎቹና መምህራኑ ለዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ፤ ስሙም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ1968 ዓ.ም. ፓንክኸርስቶች አገሩን ለቀቁ። በዩኒቨርሲቲው ያስተምሩ የነበሩት ጌታቸው ኃይሌ በጥይት ቈስለው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዚያው በሚኔሶታ ገዳም ተቀመጡ። ከተማሪ ቤታቸው ርቀው፥ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ስም፥ የጸሐፊውንና የባለቤቱን ስም፥ የተጻፈበትን ዘመንና የሚገኝበትን ደብር እየለዩ ለብዙ ዓመታት መዘገቡ፤ የዝርዝሩ ጥራዞችም እየታተሙ አዲስ አበባ ላሉት መምህራን ደረሱ።