ያጋደለው ሞተር፦ የትራየምፍ ዶሎማይት ሕመምና የጥገናው ታሪክ

አንድ ሞተር በንድፍ ወረቀት ላይ እንከን የለሽ መስሎ መታየቱ አዲስ ነገር አይደለም። እውነተኛው ፈተና የሚመጣው መኪናው ከፋብሪካው ወጥቶ፣ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ባለቤት እጅ ገብቶ፣ የራዲያተሩም ውሃ በማንም ሰው ከተገኘው ቧንቧ ሁሉ ሲሞላለት ነው። በዚህ ረገድ ትራየምፍ ዶሎማይት የተባለው የእንግሊዝ የቤት አውቶሞቢል ታሪክ ለነዳፊም ሆነ ለጥገና ባለሙያ ከፍ ያለ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሞተሩ አመጣጥ

በ1960ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በኮቨንትሪ ከተማ የነበረው የትራየምፍ ኩባንያ መሐንዲሶች አንድ የሞተር ቤተሰብ ለመፍጠር አሰቡ። ሐሳባቸው በ45 ዲግሪ ያጋደለ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር መሥራት ነበር፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ረድፎች በአንድ ክራንክሻፍት ላይ ሲጣመሩ ደግሞ ባለ 8 ሲሊንደር የቪ ቅርጽ ሞተር ይገኛል። በአንድ ዓይነት የፋብሪካ መሣሪያ ሁለት ዓይነት ሞተር ማምረት ማለት ስለሆነ፣ ሐሳቡ ከወጪ አንጻር ሲታይ ብልህነት የተሞላበት ነበር።

ባለ 8 ሲሊንደሩ በ1970 ስታግ በተባለው መኪና ላይ ወጣ። ባለ 4 ሲሊንደሩ ግን ከአገሩ በፊት በባዕድ አገር መኪና ላይ ታየ፤ በዚያን ጊዜ አዲስ ሞተር ይፈልግ የነበረው የስዊድኑ ሳብ ኩባንያ ከትራየምፍ ጋር ተዋውሎ፣ በ1967 ለሕዝብ ባሳየው ሳብ 99 ላይ ገጠመው። በእንግሊዝ አገር ዶሎማይት ለገበያ የቀረበው በ1972 ሲሆን፣ የሞተሩ ይዘት 1,854 ሲሲ ነበር።

በ1973 ስፕሪንት የተሰኘው ፈጣኑ ዓይነት ተከተለ። ይዘቱ 1,998 ሲሲ፣ ኃይሉ 127 የፈረስ ጉልበት ነበር። 16 ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ካምሻፍት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ የካም ጉብታ የማስገቢያውን ቫልቭ በቀጥታ ይገፋል፤ በዙሩ ላይ ደግሞ ያው ጉብታ የማስወጫውን ቫልቭ በሮከር አማካይነት ይከፍታል። ይህ የቴስታታ ንድፍ በ1974 የብሪታንያ የዲዛይን ምክር ቤት ሽልማት አግኝቷል።

የሕመሙ መንሥኤ

እንዲህ የተወደሰው ሞተር ብዙ ሳይቆይ በመጋል ስሙ ጠፋ። መንሥኤው ግን ሽልማት ያገኘው ረቂቅ ሐሳብ ሳይሆን በዙሪያው የነበሩ ሦስት ተራ ጉዳዮች ናቸው።

የመጀመሪያው የውሃ ፓምፑ አቀማመጥ ነው። ፓምፑ በብሎኩ ውስጥ ከሚዞር ረዳት ዘንግ በጥርስ እየተነዳ በሞተሩ ላይኛ ክፍል ተቀምጧል። ስለሆነም ውሃው ጥቂት ሲጎድል ቀድሞ አየር የሚያገኘው ፓምፑ ራሱ ነው። አየር የያዘ ፓምፕ ደግሞ ውሃ አያዘዋውርም። የሙቀት መለኪያው ስሜታዊ ክፍል ከውሃው ውጭ ከቀረ መርፌው እንዲያውም ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ነጂው ችግሩን የሚያውቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የብረቶቹ ዓይነት ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ የተቀለጠ ብረት ነው። ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች በውሃ ሲገናኙ የኤሌክትሪክ ባትሪን የሚመስል ሁኔታ ስለሚፈጠር አሉሚኒየሙ ይበላል። ፍርፋሪውና ዝገቱ ወደ ራዲያተሩ ጠባብ ቧንቧዎች ወርዶ መተላለፊያውን ይደፍናል፤ ይህም ሙቀቱን ይበልጥ ያባብሰዋል።

ሦስተኛው የቴስታታው አተሳሰር ነው። ከማሰሪያዎቹ ከፊሎቹ ብሎኖች ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ ብሎኩ ላይ ተተክለው የቀሩ፣ ራስ የሌላቸው ያጋደሉ ዘንጎች ናቸው። ዘንጎቹ በቴስታታው ቀዳዳ ውስጥ ሲዝጉ ከአሉሚኒየሙ ጋር አንድ አካል ይሆናሉ። ቴስታታው በሙቀት ከተጣመመና ጓርኒሲዮኑ ከተቃጠለ በኋላ መፍታት ግድ ይሆናል፤ ነገር ግን ዘንጎቹ አስቀድመው ካልወጡ ቴስታታው አይነሣም።

ጥገናው

በመሆኑም ይህን ሞተር መጠገን የጉልበት ሳይሆን የትዕግሥት ሥራ ነው። ልምድ ያላቸው መካኒኮች ዘንጎቹን ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት ለቀናት ያርሳሉ፤ ቴስታታውን እያሞቁና እያቀዘቀዙ ዝገቱን ያናጋሉ፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ ሁለት ዳዶዎችን እርስ በርስ አጥብቀው ዘንጉን ያዞሩታል። ይህ ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር ዘንጉን እስከ መቁረጥ የሚደርሱበት ጊዜ አለ። በመዶሻና በሽብልቅ ማንሣት ቴስታታውን ለዘለቄታው ማበላሸት ነው።

የተጣመመው ቴስታታ በማሽን ይላጋል። ሆኖም ከመጠን በላይ ከተላገ የመጭመቂያው መጠን ይጨምራል፤ የካምሻፍቱና የካቴናው ርቀትም ይዛባል። መልሶ ሲገጠም ማሰሪያዎቹ በተወሰነው ተራና ጥብቀት መታሰር፣ ራዲያተሩ መጽዳት፣ አየሩም ከውሃው ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ጓርኒሲዮን ብቻ ለውጦ ራዲያተሩን ሳያዩ መተው ሕመምተኛውን ከነበሽታው ወደ ቤቱ መመለስ ይሆናል።

ጥፋቱ የማን ነው?

ነዳፊው ጋራዡን፣ ጋራዡ ባለቤቱን፣ ባለቤቱ ፋብሪካውን ሊወቅስ ይችላል። ፍርዱን ቀላል የሚያደርገው የስዊድን ታሪክ ነው። ሳብ በ1972 ሞተሩን በራሱ ፋብሪካ ማምረት ሲጀምር መሠረቱን ይዞ ብዙውን ክፍል እንደገና ነደፈው። በ1981 ደግሞ ረዳት ዘንጉን ፈጽሞ አስወግዶ የውሃ ፓምፑን ከሞተሩ ውጭ በቺንጊያ የሚነዳ አደረገው። በዚህ መንገድ የተሻሻለው ዘር እስከ 21ኛው ክፍለ ዘመን ሲመረት ቆይቷል። ዶሎማይት ግን ፓምፑ በነበረበት እንዳለ በ1980 ምርቱ ቆመ። ስለዚህ መሠረታዊው ሐሳብ የተሳሳተ አልነበረም፤ የጎደለው ሞተሩ በመንገድ ላይ ያሳየውን ድክመት ወደ ንድፉ መልሶ የማረም ሥራ ነው።

ለእኛ ያለው ትርጉም

ይህ ጉዳይ የአንድ አሮጌ መኪና ታሪክ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ የላላ የራዲያተር ክዳን በቆላ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ በደጋ የሚያደርሰው ይከፋል ማለት ነው። እንደዚሁም አንቲፍሪዝ የውርጭ አገር መድኃኒት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ በውስጡ ያለው ዝገት ተከላካይ ውርጭ በማያውቀው አገርም አሉሚኒየሙን ከመበላት ይጠብቃል። ተከላካዩ በጊዜ ብዛት ስለሚያልቅም በየጊዜው መለወጥ ይኖርበታል።

ዛሬ በእንግሊዝ አገር የቀሩትን ዶሎማይቶች የሚንከባከቡ ሰዎች ዘንጎቹን በአዲስ ይተካሉ፤ አንዳንዶቹም የውሃ መጉደልን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ይጨምራሉ። እነዚህ መኪናዎች በሚገባ ይሄዳሉ። ከዚህ የምንረዳው፣ ሞተሩን ያዳነው ጠጋኞች በየጊዜው ያገኙትን ድክመት መዝግበው ለሌሎች ማስተላለፋቸው መሆኑን ነው። በየጋራዡና በየፋብሪካው የምንሠራ የሙያ ባልደረቦችም ከጠገንነው መሣሪያ ሁሉ የብልሽቱን መንሥኤ በጽሑፍ ብናስቀር፣ ለሚቀጥለው ጠጋኝ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው ነዳፊም ስንቅ አኖርን ማለት ነው።