የሰኞ ራስ ምታት፦ የድማሚት ሠራተኞች ሕመምና የመንሥኤው ፍለጋ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይሁን እንጂ በሽተኛው አንዳች ሳይደብቅ፣ ጠያቂ በማጣቱ ብቻ የሕመሙ ምንጭ ተሰውሮ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ኢጣሊያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪም ከጥንት በወረሳቸው ጥያቄዎች ላይ የበሽተኛው ሥራ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ እንዲጨምር መክሮ ነበር። የዚህ ምክር ክብደት ጎልቶ ከታየባቸው ታሪኮች አንዱ በድማሚት ፋብሪካዎች የነበረው ተደጋጋሚ ራስ ምታት ነው።

የነገሩ መነሻ የቱሪን ከተማ ነው። በ1847 አስካኒዮ ሶብሬሮ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ናይትሮግሊሰሪን የተሰኘውን ፈንጂ ፈሳሽ ሠራ። እጅግ ጥቂቱን በምላሱ ቢቀምሰው ብርቱ ራስ ምታት እንደሚያስከትል ተረዳ፤ ይህንንም ጽፎ አሳወቀ። እንግዲህ መንሥኤው ገና ከጅምሩ በጽሑፍ ሰፍሮ ነበር ማለት ነው። ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤል በ1867 ፈሳሹን በሚመጥ አፈር አስመጥጦ ድማሚትን ከፈለሰፈ በኋላ ግን፣ ሕመሙ በፋብሪካዎች ተስፋፋ።

ናይትሮግሊሰሪን በቆዳ ሰርጎ፣ ተኑም በትንፋሽ ገብቶ ከደም ይደርሳል። አዲስ የተቀጠረ ወዝ አደር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቅላቱን በሚወቅር ሕመም ይሠቃያል፤ ጥቂት ሲሰነብት ሰውነቱ ስለሚለምደው ሕመሙ ይተወዋል። እሑድን ዐርፎ ሰኞ ሲመለስ ግን ልምዱ ጠፍቶ ሕመሙ እንደ አዲስ ይነሣበታል። የሰኞ ራስ ምታት የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ሥራውን ለማያውቅ ሰው፣ ሰኞ ሰኞ የሚመጣን ራስ ምታት በእሑድ መጠጥ ወይም በስንፍና ማሳበብ አይከብደውም። ሠራተኞቹ ግን ምክንያቱን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ አንዳንዶቹ ልምዱ እንዳይቋረጥባቸው ጥቂት ናይትሮግሊሰሪን በባርኔጣቸው ጥብጣብ ላይ ቀብተው የዕረፍት ቀናቸውን ያሳልፉ ነበር። በ1898 እና በ1914 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጡ ጽሑፎችም ይህንኑ የፋብሪካ ሕመም ለሐኪሞች ዘርዝረው አስረድተዋል።

በዚሁ ዘመን ያው ፈሳሽ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። የእንግሊዙ ሐኪም ዊልያም መረል በራሱ ላይ ሞክሮ፣ ራሱን እየወቀረው የልብ ትርታው ሲያይልበት ካስተዋለ በኋላ፣ በ1879 ከልብ ለሚነሣ የደረት ሕመም እንደሚያገለግል ገለጸ። ኖቤልም በ1896፣ በሞተበት ዓመት፣ ለልቡ ሕመም ይኸው ናይትሮግሊሰሪን ሲታዘዝለት የዕጣውን ምፀት ለወዳጁ በደብዳቤ ገልጿል።

ሆኖም ሰውነት ሲለምደው ሕመሙ መተዉ ደኅንነት እንዳልነበረ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ ፈንጂ ከሚሠሩ ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ከሥራ ርቀው አንድ ሁለት ቀን ካሳለፉ በኋላ በድንገት እንደሚሞቱ ተመዘገበ። በ1972 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ከተመረመሩት ሠራተኞች መካከል፣ ከፋብሪካ በራቁበት ቀን ብርቱ የደረት ሕመም የሚይዛቸው ቢሆኑም፣ የልብ ደም ሥሮቻቸው ያልተደፈኑ ተገኝተዋል። ዘወትር በናይትሮግሊሰሪን ሰፍቶ የኖረ የደም ሥር፣ የለመደው ሲቋረጥበት ተኰማትሮ ለልብ የሚሄደውን ደም ይገታል። ስለዚህ የሰኞው ራስ ምታት ለሚበልጥ አደጋ ምልክት ነበር፤ ባርኔጣ ላይ የተቀባው ፈንጂም ከራስ ምታቱ በላይ የሆነውን ነገር ሳያስታግስ አልቀረም።

የውስጡ አሠራር የተገለጠው ከዚህ በኋላ ነው። ፈሪድ ሙራድ በ1977 ናይትሮግሊሰሪን በሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ እንደሚለቅ አሳየ፤ ይህ ጋዝ የደም ሥርን እንደሚያሰፋ ያስረዱት ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ሙራድ ራሱ በ1998 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በዴንማርክ እነ የስ ኦለሰን ናይትሮግሊሰሪንን በልክ እየሰጡ ራስ ምታትን ለማጥናት ተጠቀሙበት። በጤነኛ ሰው ላይ ቀላል ሕመም አስነሥቶ ሲያልፍ፣ ማይግሬን ባለበት ሰው ላይ ግን ከሰዓታት በኋላ እውነተኛ ማይግሬን እንደሚቀሰቅስ ታየ። ለሠራተኛው ሥቃይ የነበረው ለሌላው በሽተኛ የምርምር መንገድ ከፈተ።

ለባለሙያው የሚቀረው ትምህርት ግን ከቤተ ሙከራው ይቀድማል። ራስ ምታት በየትኛው ቀን ይመጣል? የት ሲሆኑ ይነሣል? ከየት ሲርቁ ይተዋል? አብሮ የሚታመም አለ? በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው የሚያድሩ ቤተ ሰዎች ሁሉ ጠዋት ራሳቸውን ቢታመሙ፣ መንሥኤውን የሚያወጣው ይኸው ጥያቄ ነው፤ ማስታገሻ ብቻ ሰጥቶ ወደዚያው ክፍል መመለስ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ራማዚኒ የጨመረው አንድ ጥያቄ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥቂት ጊዜና የሚሰማ ጆሮ ነው።