ጥቁሩ ጨርቅ፦ የፍሰት ባትሪ ኤሌክትሮድ ታሪክ

የፍሰት ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚያከማቸው በፈሳሽ ውስጥ ነው። ሁለት ገንዳዎች በሁለት ዓይነት ፈሳሽ ይሞላሉ፤ ፓምፖች ፈሳሾቹን ወደ አንድ ጠባብ ክፍል ይገፏቸዋል፤ በክፍሉ መካከል ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ የሚጋርድ ስስ ሽፋን አለ፤ በሽፋኑ ግራና ቀኝ ደግሞ ኤሌክትሮዶቹ ይቀመጣሉ። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚወስነው የገንዳው ትልቅነት ነው። በአንድ ጊዜ ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጥና ከተሞላው ኤሌክትሪክ ስንቱን እንደሚመልስ የሚወስነው ግን በአመዛኙ ኤሌክትሮዱ ነው። ኤሌክትሮዱ ራሱ አይሸጥም አይለወጥም፤ ፈሳሹ ኤሌክትሮን የሚሰጥበትና የሚቀበልበት የገበያ ሜዳ ነው። የዚህ ባትሪ ታሪክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ፈሳሾቹ ነው። ነገር ግን ፈሳሾቹ ደጋግመው ቀድመው ተገኝተዋል፤ ለሥራ የበቁትም የሚስማማቸው ኤሌክትሮድ ሲገኝላቸው ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1884 ቻርልስ ሬናር እና አርተር ክሬብስ የተባሉ የፈረንሳይ ጦር መኮንኖች ላ ፍራንስ የተባለችውን የአየር መርከብ በፓሪስ አቅራቢያ ከሻሌ ሜዶን አስነስተው በ23 ደቂቃ 8 ኪሎ ሜትር ያህል በረሩና ወደተነሱበት ቦታ ተመለሱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመርከቧን ሞተር ያንቀሳቀሰው 435 ኪሎ ግራም የሚመዝን የዚንክና የክሎሪን ባትሪ ነበር፤ ዛሬ የፍሰት ባትሪ ቅድመ አያት ተደርጎ ይቆጠራል። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካዊው ቻርልስ ብራድሊ የዚንክና የብሮሚን ባትሪ የፈጠራ መብት አገኘ። የሁለቱም ዚንክ ጠጣር ብረት ነው። በብሮሚኑ ባትሪ ዚንኩ ሲሞላ በኤሌክትሮዱ ላይ ይለበጣል፤ ስለዚህ ገንዳው የቱንም ያህል ቢሰፋ ኤሌክትሮዱ መሸከም ከሚችለው ዚንክ በላይ ማከማቸት አይቻልም። ልባጩም እኩል አይተኛም፤ እንደ እሾህ እየሾለ ያድግና ሽፋኑን ይወጋል። ይህ ችግር እስከ ዛሬ የዚንክ ባትሪ ሠሪዎችን አልለቀቀም።

ኤሌክትሮዱን ከማከማቸት ሸክም ነጻ ያወጣው ሐሳብ የመጣው ከጀርመን ነው። በብራውንሽቫይግ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ይሠራ የነበረው ቫልተር ካንግሮ በ1949 ባቀረበው የፈጠራ መብት ማመልከቻ የተሞላውም ያልተሞላውም ነገር ሁልጊዜ በፈሳሹ ውስጥ እንደሟሟ የሚቆይበትን ባትሪ ገለጸ፤ ከሞከራቸው መካከል የቲታኒየም ክሎራይድ ይገኝበታል። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሮዱ ሥራ አንድ ብቻ ሆነ፦ ፈሳሹን በሰፊ ገጽ መገናኘት። ሰፊ ገጽ ያለው፣ አሲድ የማይበላው፣ ዋጋውም የማይወደድ ነገር ግን በዚያን ጊዜ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከባትሪ ሠሪዎች ሰፈር ሳይሆን ከጨርቃ ጨርቅ ነው። ሬዮን የተባለው ከእንጨት የሚሠራ ክር፣ ወይም ለሹራብና ለብርድ ልብስ የሚውለው አክሪሊክ፣ አየር በሌለበት ምድጃ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲጋል ሌላው ሁሉ ተንኖ ካርቦኑ ብቻ ይቀራል፤ ክርነቱን ግን አይለቅም። ከሰል አክሳይ እንጨቱን አፈር አልብሶ ከሚያደርገው ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። አክሪሊክን ወደ ካርቦን ክር የመለወጡን መንገድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኦሳካ አኪዮ ሺንዶ አሳየ። ከእነዚህ ክሮች ሳይሸመን፣ በመርፌ ተወግቶ የሚጠቀጠቀው ጥቁር ጨርቅ ፌልት ይባላል፤ እጅግ የሚግሉ ምድጃዎችን ከውስጥ ለመሸፈን ያገለግላል። በእጅ ሲይዙት እንደ ቀላል የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፤ ለስላሳ፣ ሲጫኑት የሚቀበል፣ ጣት ላይ ጥቁር ብናኝ የሚተው። የክሮቹ ውፍረት ከሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ አይበልጥም፤ ከጨርቁ ይዘት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ባዶ ቦታ ነው። ፈሳሽ በመካከሉ ያልፋል፣ ኤሌክትሪክም በክሮቹ ይሄዳል። ለፍሰት ባትሪ ተብሎ ያልተሠራ፣ ግን ለእርሱ የተፈጠረ የሚመስል ዕቃ ነው።

ፌልቱ በባትሪ ውስጥ በደንብ የተፈተነው በአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት በናሳ ነው። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ በክሊቭላንድ ኦሃዮ በሚገኘው የሉዊስ የምርምር ማዕከል፣ ሎውረንስ ታለር የሚመራው ቡድን ብረትንና ክሮሚየምን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሙቶ የፍሰት ባትሪ መሥራት ጀመረ። ሁለቱም ርካሽ ናቸው። የብረቱ ወገን በባዶው ካርቦን ላይ ያለ ችግር ሠራ። ክሮሚየሙ ግን ኤሌክትሮን ለመቀበል እጅግ ዘገምተኛ ሆነ፤ ይባስ ብሎ እርሱን ለመሙላት የሚላከው ኤሌክትሪክ ከፊሉ የአሲዱን ሃይድሮጅን ወደ ጋዝ እየለወጠ ይባክን ጀመር። የክሊቭላንድ ተመራማሪዎች መፍትሔ እስከ ዛሬ የሚደነቅ ነው። በፌልቱ ክሮች ላይ በማይክሮ ግራም የሚቆጠር ወርቅ አሳረፉ፤ በፈሳሹ ውስጥ ደግሞ ጥቂት እርሳስ ጨመሩ። ባትሪው ሲሞላ እርሳሱ ክሮቹን ይለብጣል፣ ሃይድሮጅንም እንዳይወጣ ያፍናል፤ ባትሪው ሲሠራ ተመልሶ ይሟሟል። ኤሌክትሮዱ በየሙሌቱ ካባውን ይደርባል፣ በየሥራው ያወልቃል ማለት ነው። ያም ሆኖ ነገሩ ስስ ነበር፤ ፌልቱ ቀድሞ እንዴት እንደጸዳ ውጤቱን ይለውጠው ነበር፤ በኋላ ወርቁን በቢስሙት ለመተካትም ተሞክሯል። ብረቱና ክሮሚየሙም በሽፋኑ በኩል እየሾለኩ መቀላቀላቸው አልቀረም። የናሳ ሥራ በ1980ዎቹ ሲያበቃ ጃፓኖች በሙንላይት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራማቸው ገፉበት።

የመቀላቀሉን ችግር የፈታው ቫናዲየም ነው። ይህ ንጥረ ነገር በአሲድ ውስጥ አራት መልክ አለው፦ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቢጫ። ሐምራዊና አረንጓዴው በአንዱ ገንዳ፣ ሰማያዊና ቢጫው በሌላው ሲሆኑ፣ አንዱ ወደ ሌላው ቢሾልክ እንኳ ያው ቫናዲየም ነውና ፈሳሹ ለዘለቄታው አይበላሽም። በሲድኒ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማሪያ ስካይላስ ካዛኮስ እና ባልደረቦቻቸው ይህን ባትሪ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሠርተው በ1986 የፈጠራ መብት ጠየቁበት።

እነርሱንም ያደከማቸው ኤሌክትሮዱ ነው። መስታወት መሰል ካርቦን ላይ ባደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ፣ ውጤቱ ካርቦኑ እንዴት እንደተወለወለ ይወሰን ነበር፤ አንዱ አወላወል ቫናዲየሙን ያሠራዋል፣ ሌላው ይዘጋዋል። ብረታ ብረቶችንም መረመሩ። ቲታኒየምና እርሳስ በገጻቸው ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቆዳ አወጡ። በኢሪዲየም ኦክሳይድ የተቀባ ቲታኒየም በጎ ውጤት ሰጠ፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ስለዚህ ወደ ፌልቱ ተመለሱ።

የፌልት ጉድለቱ ውሃ አለመውደዱ ነው። አዲስ የግራፋይት ፌልት ላይ የውሃ ጠብታ ቢያርፍ፣ በጎደሬ ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ክብ ሆኖ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። ፈሳሹ ያልነካው ክር ደግሞ ለባትሪው የለም ማለት ነው። በ1992 የሲድኒው ቡድን ያሳተመው መፍትሔ ከጋገራ ብዙ አይርቅም፦ ፌልቱን በአየር ውስጥ በ400 ዲግሪ ለ30 ሰዓት ማሞቅ። የአየሩ ኦክስጅን በክሮቹ ገጽ ላይ ይተከላል፤ ያንኑ ጠብታ የገፋው ጨርቅ ወዲያው ይመጠዋል። የሙከራ ባትሪያቸው የሚመልሰው ኤሌክትሪክ ከተሞላው 78 በመቶ የነበረው ወደ 88 በመቶ አደገ። በዚያው ዓመት ባወጡት ሌላ ጥናት ፌልቱን በተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ለ5 ሰዓት በማከም ወደ 91 በመቶ ደረሱ። ወርቅ ሳይሆን ምድጃና ሰዓት ብቻ የሚጠይቅ ዘዴ ይህን ያህል ማሻሻሉ፣ በዚህ ባትሪ ታሪክ ውስጥ ከማንኛውም ውድ ቅመም ይልቅ የሚጠቀስ ነው። ኦክስጅኑ ለምን እንደሚጠቅም ግን ክርክሩ አልተዘጋም። አንዳንድ ጥናቶች በኔጋቲቩ ወገን በእርግጥ እንደሚያፋጥን፣ በፖዘቲቩ ወገን ግን እንዲያውም እንደሚያዘገይ አሳይተዋል፤ ሌሎች ይህን ይቃወማሉ።

እስከ 2010 ድረስ ማሻሻያው ሁሉ በክሩ ገጽ ላይ ያተኮረ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቅርጹ ብዙም አልተነካም። ፌልቱ በተለምዶ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ኤሌክትሪኩ ያን ሁሉ ውፍረት ሲሻገር ከፊሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በጣም ቢጨመቅ መንገዱ ያጥራል፣ ግን ፈሳሹ ለማለፍ ይቸገራል፣ ፓምፑም ይደክማል። በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ከሃይድሮጅን ነዳጅ ሴል ሙያ ተውሰው ይህን ቋጠሮ ፈቱ። ወፍራሙን ፌልት በስስ የካርቦን ወረቀት ተክተው ከሽፋኑ ጋር አጣበቁት፤ ፈሳሹንም በወረቀቱ ጀርባ ባለው የግራፋይት ሰሌዳ ላይ እንደ እባብ በሚጠማዘዝ ቦይ አሳለፉት። በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 557 ሚሊዋት ማግኘታቸውን ገለጹ፤ በዘመኑ ከተለመደው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ኬሚስትሪው ያው ቫናዲየም፣ ክሩም ያው ካርቦን ነው፤ የተለወጠው የፈሳሹና የኤሌክትሪኩ መንገድ ነው። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የፓሲፊክ ሰሜን ምዕራብ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ጥቃቅን የቢስሙት ቅንጣቶችን በፌልት ላይ አሳርፈው የኔጋቲቩን ወገን አፋጠኑ፤ በክሊቭላንድ ክሮሚየሙን የረዳው ያ ብረት ቫናዲየሙንም ረዳ።

በ2014 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ለፈሳሹ የሚሆን ኤሌክትሮድ በመፈለግ ፈንታ ለኤሌክትሮዱ የሚሆን ፈሳሽ ፈለገ። ኪኖን ከተባሉት የካርቦን ውህዶች አንዱን ከብሮሚን ጋር አጣምሮ፣ ምንም ብረት ባልተቀባ የካርቦን ወረቀት ላይ ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ600 ሚሊዋት በላይ አገኘ። ኪኖኑ በባዶ ካርቦን ላይ ፈጥኖ ስለሚሠራ ወርቅም ቢስሙትም አላስፈለገውም።

በፋብሪካ የሚሠሩት ትልልቆቹ ባትሪዎች በአብዛኛው ከቫናዲየምና ከፌልት አልወጡም። በ2022 በቻይና ዳልየን ከተማ ከመብራት መረብ ጋር የተገናኘው የቫናዲየም ባትሪ 100 ሜጋዋት የሚሰጥና 400 ሜጋዋት ሰዓት የሚያከማች ሲሆን ቴክኖሎጂው የዳልየን የኬሚካል ፊዚክስ ኢንስቲትዩት ነው። በእንዲህ ያሉ ባትሪዎች ውስጥ ፌልቱ በልክ ይቆረጣል፣ ካርቦን በተቀላቀለበት የፕላስቲክ ሰሌዳና በሽፋኑ መካከል ተጨምቆ ይታሸጋል። ባትሪው ከልክ በላይ ሲሞላ በፖዘቲቩ ወገን ያለው ካርቦን ቀስ በቀስ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተለወጠ ያልቃል፤ ስለዚህ የሙሌቱን ጣሪያ የሚቆጣጠር መሣሪያ ይደረግለታል፤ የፌልቱም ዕድሜ የሚረዝመው ያ ጣሪያ እስከተጠበቀ ድረስ ነው።