ጠባይን የሚለውጠው የአንጎል በሽታ

ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍሎች ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ ነው። የበሽታውን ምልክቶች በፕራግ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም አርኖልድ ፒክ እ.ኤ.አ. በ1892 ገልጸዋል።

በሽታው በአብዛኛው ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚጀምር ሲሆን፣ ከአልዛይመር በተለየ ሁኔታ አስቀድሞ የሚነካው የማስታወስ ችሎታን ሳይሆን ጠባይንና ንግግርን ነው። ጨዋ የነበረ ሰው ይሉኝታ ሲያጣ፣ ለቤተሰቡ ደንታ ቢስ ሲሆን ወይም ቃላት ሲጠፉበት፣ ሁኔታው እንደ ብልግና ወይም እንደ ክፉ መንፈስ ሥራ ሊቆጠር ይችላል።

ፈዋሽ መድኃኒት እስካሁን ባይገኝለትም፣ እንደ ድብርትና የእንቅርት ዕጢ ችግር ያሉ በሕክምና የሚስተካከሉ ሕመሞች ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ስለሚችሉ ምርመራ ማድረግ አስፈላጊ ነው። የዋግ ኽምራ ቤተሰቦችም ሕመምተኛውን ጸበል ቢያስጠምቁም እንኳ፣ በሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ጭምር ሊያስመረምሩት ይገባል። ሕመምተኛው የሚያስፈልገው ወቀሳ ሳይሆን እንክብካቤ ነው።