«በስህተት ብር ልኬልህ ነው፣ መልስልኝ» ሲሏችሁ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከጂንካ ኦሞራቴ ብር መላክ የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ለአጭበርባሪም እንደዚያው ቀሎታል።

አካሄዳቸው ይኼ ነው፦ ብር እንደገባላችሁ የሚገልጽ መልእክት ይመጣል። ወዲያው ይደወላል፤ «ለእናቴ መታከሚያ ነበር፣ በናትህ መልስልኝ።» የገባ ብር ግን የለም። መልእክቱን የጻፈው ራሱ ደዋዩ ነው፤ የምትመልሱለት የራሳችሁን ብር ነው።

ምን እናድርግ?

1. ላኪውን እንይ። የቴሌብር መልእክት ከ127 እንጂ ከግለሰብ ስልክ አይመጣም።

2. በ*127# ወይም በመተግበሪያው ቀሪ ሒሳባችንን እንይ።

3. ብሩ እውነት ገብቶ ቢሆንም በራሳችን አንመልስ። ላኪው ለቴሌብር ያመልክት።

4. የሚስጥር ቁጥር፣ በመልእክት የመጣ የማረጋገጫ ቁጥርም ቢሆን፣ «ከቴሌ ነኝ» ላለ ሁሉ አንስጥ።

5. ከተታለልን ሳንውል ሳናድር ወደ 127 እንደውል፣ ለፖሊስም እናመልክት። ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያስጠይቃል።

አማርኛ ለማያነቡ ወላጆች መልእክቱን የምናነበው እኛ ልጆቻቸው ነን። ፍየል ሸጠው «ብሩ ገባ ወይ?» ሲሉን መልእክቱን ብቻ አይተን «አዎ» አንበል። ሒሳቡ ላይ ሳይታይ ፍየሏ አትነዳ።

ለቤተሰብ ንገሩ፣ ሼር አድርጉ።